ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ሌሊት በተገላበጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሰው ተደብቆ ፌስታል የሚበረብር ይመስላል። አንድ ክፍል የምንተኛው ወንድሜ በመጀመሪያው ሌሊት አይጥ የገባ መስሎት ብድግ ብሎ መብራት አበራ። አይጥ አልነበረም። የእኔ ቅልጥም ነበር። ቅባት ተቀብቶ፣ በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ረጅም ካልሲ ተስቦበት።

"ምን ሆነህ ነው እንደ ዕቃ የተጠቀለልከው?" አለኝ።

"ተኛ ባክህ" ብዬው ዞርኩ። መልሱ ረጅም ነበር። ይኸው ዛሬ ልጻፈው።

ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ አለብኝ። ዓመታት ሆኖኛል። ሁለቱም ክርኖቼ ላይ አለ። ጉልበቶቼ ላይ አለ። ከሁሉም የከፋው ግን ቀኝ ቅልጥሜ ላይ ያለው ነው። መዳፍ ያክላል። ወፍራም ነው። ላዩ ደርቆ እንደቀረ የሻማ ጠብታ የነጣ ቅርፊት አለው። ጥቁር ሱሪ መልበስ ያቆምኩት በእሱ የተነሳ ነው። ጠዋት አንሶላ ሳራግፍ የሚረግፈውን ነገር ደግሞ ለማንም ማሳየት አልፈልግም።

መጀመሪያ ላይ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። አንዱ ጭርት ነው አለኝ። ሌላው ችፌ ነው አለኝ። የፈንገስ ክሬም ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ ቀባሁ። ወይ ፍንክች። እንዲያውም በጥፍሬ ስፍቀው የባሰ ተስፋፋ። የተላጨ፣ የተቧጨረ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ አዲስ ሊወጣ እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው። ይህን ጠባዩን ሃይንሪሽ ኮብነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገልጾታል፤ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። እኔ ሳላውቅ ቅልጥሜ ላይ ስመሰክርለት ከርሜያለሁ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስደርስ ምርመራው ደቂቃዎች አልፈጀም። ሐኪሙ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቅርፊቱን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። መጀመሪያ ነጭ ብናኝ ረገፈ። ከሥሩ ስስ ልባስ መጣ። እሱ ሲነሳ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የደም ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ጥፍሮቼን አገላበጡ። ሁለቱ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩ። ከእጄ ጋር ስኖር አንድም ቀን ልብ ብያቸው አላውቅም።

"ሶሪያሲስ ነው" አሉኝ። "ወደ ሰው አይተላለፍም። አንተን ግን ቶሎ አይለቅህም።"

ነገሩን በቀላሉ አስረዱኝ። ጤነኛ ቆዳ ላይ አንድ ሴል ከታች ተወልዶ፣ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል። ሶሪያሲስ ባለበት ቦታ ያው ጉዞ ከ3 እስከ 5 ቀን ያልቃል። ሴሎቹ ሳይበስሉ ይደርሳሉ። ደርሰውም በወጉ አይረግፉም፤ ይከመራሉ። ቅርፊት የምንለው ያንን ክምር ነው። የሚያጣድፋቸው የራሳችን በሽታ መከላከያ ነው። ጠላት በሌለበት ጥሩምባ ይነፋል። ያዘዙልኝ ስቴሮይድ ክሬም፣ ማለትም የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ቅባት፣ የጥሩምባውን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። ነፊውን ግን አያባርረውም።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያኔ በደንብ ብሰማት ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

ሰው "ስቴሮይድ" ሲባል ይደነግጣል። እኔም ደነገጥኩ። "ቆዳ ይበላል"፣ "ሱስ ያስይዛል"፣ "አንዴ ከጀመርክ አለቀልህ" የሚሉኝ በዙ። ስለዚህ የታዘዘልኝን ቅባት እንደ ሽቶ ነበር የምጠቀመው። ጫፍ ጫፉን ነካ። በማግስቱ መተው። ሲያመኝ መመለስ። 30 ግራም የያዘች አንዲት ቱቦ ግማሽ ዓመት ቆየችልኝ። ቁጠባዬን እንደ ጥንቃቄ ቆጥሬው ነበር። ቀጠሮዬ ደርሶ ስሄድ ሐኪሙ ቱቦዋን አንስተው በእጃቸው መዘኗት።

"ይቺን መቼ ነው የሰጠሁህ?"

ነገርኳቸው።

"ታዲያ መድኃኒቱ አልሠራም የምትለኝ ሳትወስደው ነው?"

ከዚያ የጣት ጫፍን ልክ አሳዩኝ። ቅባቱን ከአመልካች ጣት የመጨረሻ አንጓ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ በአንድ መስመር ታወጣዋለህ። ያ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የሁለት እጅ መዳፍ ስፋት፣ ጣቶችን ጨምሮ፣ ይበቃዋል። የአንድ እጅ መዳፍ ከነጣቶቹ ደግሞ ከጠቅላላው ቆዳችን 1% አካባቢ ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የእኔ ጠቅላላ ቁስል አራት መዳፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት የጣት ጫፍ፣ ማለትም በቀን 1 ግራም። በቀን አንዴ ከተቀባ ያቺ ቱቦ በአንድ ወር ማለቅ ነበረባት። እኔ ስድስት ወር አቆየኋት። መድኃኒቱን አሸትቼዋለሁ እንጂ አልተቀባሁትም ማለት ነው።

በልኩ መቀባት ስጀምር ክርኖቼ በሦስት ሳምንት ጠፍጣፋ ሆኑ። ጉልበቶቼም ተከተሉ። ቅልጥሜ ግን አሻፈረኝ አለ። ያኔ ነው ፕላስቲኩ የመጣው።

"ይሄኛውን እንሸፍነዋለን" አሉ ሐኪሙ። ትራያምሲኖሎን የሚባል፣ ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ 0.1% ቅባት አዘዙ። ማታ ገላዬን ታጥቤ፣ ቀብቼ፣ ምግብ በሚጠቀለልበት ዓይነት ስስ ፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ይዤ ልተኛ። ጠዋት ልፈታው። ለ14 ሌሊት። ቅልጥም ላይ ብቻ። "ብቻ" የምትለውን ቃል ሁለት ጊዜ ነው ያሏት።

አሁን ትንሽ ታሪክ ላስገባ፤ እኔን ስለገረመኝ ነው። ኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ በመጀመሪያ ዝናው የወጣው በመገጣጠሚያ ሕመም ሕክምና ነው። ከዚያ ሥራ ጋር በተያያዘ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቆዳ ላይ ሲቀቡት ግን እምብዛም አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1952 ሰልዝበርገር እና ዊተን የተባሉ ሁለት የቆዳ ሐኪሞች የቅርብ ዘመዱን ሃይድሮኮርቲዞንን በቅባት መልክ ሞክረው ውጤት አገኙ። የቆዳ ሕክምና ከዚያ ወዲያ ሌላ መልክ ያዘ። እነዚሁ ሰዎች በ1961 ደግሞ ስስ ፕላስቲክን ለቆዳ ሕክምና ስለመጠቀም ጻፉ። በዓመቱ ማኬንዚ እና ስቶውተን የስቴሮይድ ጠብታ ክንድ ላይ አድርገው፣ ሸፍነው አሳደሩት። ስቴሮይድ የገባበት ቆዳ የደም ሥሮቹ ጠበብ ስለሚሉ ይነጣል። ንጣቱን አይተው ምን ያህል እንደገባ ገመቱ። የተሸፈነው ቆዳ ካልተሸፈነው እስከ 100 እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊያስገባ እንደሚችል አገኙ።

መቶ እጥፍ! በአንድ ቅዳጅ ፕላስቲክ።

ምስጢሩ እርጥበት ነው። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው። ደረቅ ሲሆን በር ዘግቶ ይቀመጣል። የደረቀ ጠፍር አይታችሁ ታውቁ የለ? በደረቁ እንደ እንጨት ነው፤ ውሃ ውስጥ አድሮ ግን እንደፈለጋችሁ ይታጠፋል። ቆዳም ሲሸፈን ላቡ መውጫ ያጣል። ይርሳል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ድርድሩ ይላላል። ቅባቱም ልብስ ላይ ተጠርጎ መቅረቱ ይቆምና ያለው መንገድ ወደ ውስጥ ብቻ ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። የገባው መድኃኒት ያ የላይኛው ንጣፍ ውስጥ ይጠራቀማል። ቫይከርስ የተባለ ተመራማሪ በ1963 እንዳሳየው፣ ቀናት ካለፉ በኋላ አዲስ ቅባት ሳይጨምሩ ቦታውን መልሰው ቢሸፍኑት ቆዳው እንደገና ይነጣል። ትናንት የቀባችሁት ዛሬም እዚያው ነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ጠዋት ፕላስቲኩን ስፈታ ያየሁትን አልረሳውም። ቅርፊቱ ርሶ፣ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት በጣት ይነሳል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ለስላሳ ነው። የገዛ ቅልጥሜን ደባበስኩት። ስንት ዘመኔ! በአሥረኛው ሌሊት እብጠቱ የለም። በ14ኛው ዓይኔን ጨፍኜ ስዳስስ የትኛው ጤነኛ፣ የትኛው የታመመ እንደሆነ አልለይም። እንዳሉኝ አቆምኩ።

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

አሁን የማፍርበት ላይ ደረስን። ጭኔ ሥር፣ ወደ ብሽሽቱ ጠጋ ብሎ፣ አንድ ሌላ ቁስል ነበረኝ። ለሐኪሙ አላሳየኋቸውም። ሱሪ አውልቅ ቢሉኝስ ብዬ አፈርኩ። በዚያ ላይ ቅርፊት ስለሌለው፣ ልሙጥና አብረቅራቂ ስለሆነ፣ ሶሪያሲስ አልመሰለኝም። እጥፋት ውስጥ ሲወጣ መልኩ እንደዚያ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ቅልጥሜ ሲድን ታዲያ ልቤ አበጠ። ዘዴውን አውቄዋለሁ አልኩ። ፕላስቲክ አለ። ቅባት አለ።

የትራያምሲኖሎኑ ቱቦ አልቆ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ግን ቀደም ሲል ለክርኔ የታዘዘ ክሎቤታሶል የሚባል ሌላ የስቴሮይድ ቅባት ተርፎኛል። አነበብኩት፤ 0.05% ይላል። አእምሮዬ ወዲያው አሰላ። የቅልጥሜ 0.1% ነበር። ይሄኛው ግማሹ ነው። ስለዚህ ለዘብ ያለ ነው። ለብሽሽት ይስማማል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ እንደ እኔ የሚያሰላ ብዙ ሰው አለና። ፐርሰንቱ የሚነግራችሁ ቱቦው ውስጥ ምን ያህል መጠን እንዳለ ነው። የሞለኪውሉን ጉልበት አይነግራችሁም። ክሎቤታሶል 0.05% በጥንካሬ መጨረሻው ደረጃ ላይ ያለ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ከምናገኘው ሃይድሮኮርቲዞን 1% አጠገብ ስታስቀምጡት ቁጥሩ ሃያ እጥፍ ያንሳል፤ ጉልበቱ ግን በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን በፐርሰንት ማወዳደር የሁለት ሰዎችን ጉልበት በጫማ ቁጥራቸው እንደ መገመት ነው።

የቆዳችን ካርታ ደግሞ አለ። ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ፌልድማን እና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይድሮኮርቲዞን ከየትኛው የሰውነት ክፍል ምን ያህል እንደሚገባ ለክተዋል። የክንድን የፊት ለፊት ክፍል 1 ብንለው፣ የእግር መርገጫ 0.14 ነው። ግንባር 6 ነው። የመንጋጋ ማዕዘን 13 ነው። የዘር ፍሬ ከረጢት 42 ነው። ብሽሽት ስስ ነው፣ ሞቃት ነው፣ እርጥብ ነው። ሁለት ቆዳ ተደራርቦ የሚኖርበት ቦታ ስለሆነ ማንም ሳይሸፍነው በራሱ የተሸፈነ ነው። እኔ ታዲያ በዓለም ካሉት ጠንካራ ቅባቶች አንዱን ወሰድኩ፤ እዚያ ቦታ ላይ ቀባሁ፤ በላዩ ላይ ፕላስቲክ ጨመርኩ። ማታ ብቻ ሳይሆን ቀንም። ለሰባት ሳምንት።

መመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትሸፍን የሚል ተጽፎበታል። ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ እንደታጠፈ ጥዬው ነበር።

ሠራ እንዴ? አዎ ሠራ። በአራት ቀን ቁስሉ ጠፋ። ችግሩ እሱ ነው። ቶሎ ስለሠራ ማቆም ፈራሁ። ቁስሉ ጠፍቶ እንኳ ቦታው ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ቀርቶ ነበር። እሱም ይጥፋ ብዬ ቀጠልኩ። የቆዳ በሽታ ሥዕሎች ላይ የምናየው ሁሉ ነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ቀይ ነገር ነው። እንደ እኔ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል። ሲድን ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጠቆር ወይም ፈካ ያለ ምልክት ይተዋል። ያ ምልክት በሽታ አይደለም፤ ስቴሮይድም አያጠፋውም። ጊዜ ነው የሚያጠፋው። ቀለሙን ሳይሆን ውፍረቱን ነው መከታተል የነበረብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቅልጥሜን የዳሰስኩባት ጣት እዚህም ብትሠራ ኖሮ በአራተኛው ቀን አቆም ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ከፕላስቲኩ ሥር ጥቃቅን መግል የያዙ ብጉሮች ወጡ። የጸጉር ሥሮቹ ነበሩ የተመረዙት። የሚከረፋ ሽታ ነበረው። ጠርጌ፣ አድርቄ፣ መልሼ ሸፈንኩ። አያችሁ ድርቅናዬን? በሰባተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ጭኔ ላይ መስመሮች አየሁ። ወይን ጠጅ የመሰሉ፣ ስርጉድ ያሉ፣ የጣት ርዝመት ያላቸው ሸንተረሮች። ስነካቸው ቆዳዬ እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቷል። ከሥሩ የደም ሥሮቹ ይታያሉ።

ደንግጬ ሁሉንም በአንድ ቀን ጣልኩ። ቱቦውንም፣ ፕላስቲኩንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁስሉ ተመልሶ መጣ። ያውም ብቻውን አልመጣም፤ ከነበረበት ሰፍቶ፣ እያሳከከ፣ እየለበለበ። የጥሩምባው ድምፅ ዝቅ ብሎ ነበር እንጂ ነፊው የትም አልሄደም ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ስገባ የማወራው ጠፋኝ። በመጨረሻ ሱሪዬን አወለቅሁ። ለማፈር ጊዜው አልፎ ነበር። እሳቸው ረጅም ሰዓት ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ቱቦዋን ጠየቁኝ። ስንት ቱቦ እንደጨረስኩ ጠየቁኝ። ቀንም ነበር ወይ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም?" አሉኝ።

አልተቆጡም። እንዲያውም ሳቅ ብለዋል። እኔ ግን ወለሉን ነበር የማየው። ለራሱ ጥምጥም ለሚያምረው ሰው የተባለውን ተረት፣ ብሽሽቱን በፕላስቲክ ለጠመጠመ ሰው ይሆናል ብሎ ማን ገመተ!

ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቁኝ። ይደክምሃል ወይ? ስትነሳ ያዞርሃል ወይ? ምግብ ያስጠላሃል ወይ? ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲዞል የሚባለውን የሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ያመርታሉ። በቆዳ በኩል የገባው ስቴሮይድ ደም ውስጥ ከበዛ፣ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ሌላ የተረከባቸው መስሏቸው ያንቀላፋሉ። በድንገት ሲቆም ቶሎ ላይነቁ ይችላሉ። ኮርቲዞል ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ በማግስቱ ማለዳ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ደህና ነበር። እስኪመጣ የጠበቅኩባቸው ቀናት ግን ቀላል አልነበሩም። ለክሎቤታሶል የተቀመጠው ገደብ ሳይሸፈን እንኳ በሳምንት ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከ2 ተከታታይ ሳምንት እንዳያልፍ ነው። እኔ የግራሙን ገደብ አልነካሁም። ጊዜውን፣ ቦታውንና ሽፋኑን ግን አንድ ላይ ጣስኩ።

ለብሽሽቱ የሰጡኝ 1% ሃይድሮኮርቲዞን ነበር። ያለ ምንም ሽፋን። ለአጭር ጊዜ። ቀስ ብሎ ሠራ። የሳሳው ቆዳ ከወራት በኋላ መጠንከር ጀመረ። ሸንተረሮቹ ወይን ጠጅነታቸው ለቅቆ ነጡ። እነሱ ግን አይጠፉም፤ የዕድሜ ልክ ናቸው። ልብስ ስቀይር አያቸዋለሁ።

በዚያ ሰሞን አክስቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ቅልጥሜን አየች። የተሸፈነው ቦታ ዳርና ዳሩ ከቀረው ቆዳዬ ፈካ ብሎ ነበር። ይህም አንዱ የስቴሮይድ ጠባይ ነው።

"ያቺ ቅባትህ ታቀላለች ለካ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "እስቲ ትንሽ ቆንጠር አርገህ ለፊቴ ስጠኝ።"

"አይሆንም እትዬ።"

"ምነው የኔ ልጅ፣ ለእኔ ሰስተህ?"

ጭኔን ላሳያት አልችልም፤ አክስቴ ናት። በቃል ገለጽኩላት። ፊት ክንድ አይደለም፣ ብዙ ያስገባል፣ ይሳሳል፣ ብጉር ያፈላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ግፊት እስከመጨመርና ሞራ እስከማምጣት ይደርሳል አልኳት። ሲያቆሙት ፊት ቀልቶ እሳት ይሆናል አልኳት። አኮረፈችኝ። ቱቦዋን ግን ቆልፌባታለሁ። ማቅያ እየተባሉ በሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ይኸው ክሎቤታሶል ተደብቆ እንደሚገኝ ስነግራት፣ ቦርሳዋን ጠበቅ አርጋ ያዘች። ምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም።

አሁንስ? አሁንም እሸፍናለሁ። ስህተቱ የፕላስቲኩ አልነበረም። የታዘዘበት ቦታ ላይ፣ ማለትም እንደ ቅልጥምና ክርን ባለ ወፍራም ቆዳ ላይ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ግን ፕላስቲኩን እንደ ፋሻ መቁጠር ትቻለሁ። እንደ ሁለተኛ መድኃኒት ነው የምቆጥረው። ታዝዟል ወይ? ስንት ሌሊት? የት?

ማታ ለብ ባለ ውሃ እታጠባለሁ። ቅርፊቱን አልፍቅም፤ ውሃው ያለዝበዋል። ቅባቱን በጸጉሩ አቅጣጫ ወደ ታች እቀባለሁ፤ ወደ ላይ ሲታሽ የጸጉር ሥሮቹ ይቆጣሉ። ፕላስቲኩን አላጠብቅም። ጤነኛውን ቆዳ ብዙ እንዳይነካ በቁስሉ ልክ እቆርጠዋለሁ። ጠዋት ፈትቼ አጥቤ፣ ቦታው አየር አግኝቶ ይውላል። ብጉር ወይም መግል ካየሁ ያን ማታ አልሸፍንም፤ ደውዬ እጠይቃለሁ። ሰው ሲዘነጋው የማየው ሌላ ነገርም አለ። እነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ ፓራፊን አላቸው። ልብስና ፋሻ ውስጥ ሲሰርጉ በእሳት ቶሎ ይያያዛሉ። ተቀብቶ ሻማ ወይም ምድጃ አጠገብ መሄድ፣ ሲጋራ ማጨስ አይገባም።

አንድ ወቅት ሃይድሮኮሎይድ የሚባለውን፣ እንደ ስስ ጎማ የሚለጠፈውን ሽፋንም ሞክሬያለሁ። ቀናት ሳይነሳ ይቆያል። አይንኮሻኮሽም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነበር። እጄን ከለከለኝ። ስብሰባ ላይ ሳላውቀው ቅልጥሜን የምፍቅ ሰው ነኝ፤ ተሸፍኖ ሲገኝ ጥፍሬ ተንሸራቶ ይመለሳል። ላለመፋቅ ብቻውን ስንት ዋጋ አለው! ያንን የኮብነርን ነገር አስታውሱ።

14ቱ ሌሊቶች ሲያልቁ በአንዴ አልወረውርም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ መቀባት፤ በመሃሉ ያሉትን ቀናት ካልሲፖትሪዮል የሚባለው፣ ከቫይታሚን ዲ ጋር ዝምድና ያለው ቅባት። ቅርፊት ለማንሳት ሳሊሲሊክ አሲድ የምትጠቀሙ ከሆነ ከእሱ ጋር አንድ ላይ እንዳትቀቡት፤ አሲዱ ካልሲፖትሪዮሉን ያበላሸዋል። ይህ ሁሉ ደግሞ የእኔን ያህል ጥቂት ቁስል ላለው ሰው ነው። ሰውነቱን ብዙ ለሸፈነበት፣ ወይም ጠዋት ጣቶቹ አብጠው አልታጠፍ ለሚሉት ሰው፣ ነገሩ ከቅባት ያልፋል። የጨረር ሕክምና አለ፣ የሚዋጥ አለ፣ የሚወጋ አለ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባውን ሕመም በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማዳን አይቻልም።

አንድ የራሴ ዘዴ አለችኝ። ሽፋን ስጀምር የመጨረሻውን ቀን በእስክሪብቶ ቱቦዋ ላይ እጽፋለሁ። የጀመርኩበትን አይደለም፤ የማቆምበትን። ያኔ ጭኔን ስጠቀልል ያልነበረኝ እሱ ነው። በየቀኑ "እስቲ አንድ ቀን ልጨምር" እያልኩ ነው ሰባት ሳምንት የገባው።

ቅልጥሜ ባለፈው ወር እንደገና ተነስቶ ነበር። አሳየሁ፤ ታዘዘልኝ፤ ጻፍኩ። ቱቦዋ ላይ ያለው ቀን የዛሬው ነው። አሁን ይህን የምጽፈው አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ካልሲዬን ስቤ ነው። የመጨረሻዋን ሌሊት ልጨርስ።

ወንድሜ መብራት ሊያጠፋ ሲል ቀና ብሎ አየኝ።

"ዛሬም አይጧ አለች?" አለኝ።

"ዛሬ ብቻ" አልኩት።